የደመወዙ አካፋይ፦ የኦኔት የሙያዎች መረጃ ቋት ግምገማ

የእኅቴ ልጅ ሕግ ላጥና ወይስ ፋርማሲ እያለች በምትዋልልበት ሰሞን ይዛብኝ የመጣችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የትኛው የተሻለ ይከፍላል የሚል። እኔም በስንት ሰዓት ሥራ ብዬ ጥያቄዋን በጥያቄ ስመልስላት «ኧረ ጋሼ፣ ሰዓቱማ የሁሉም ስምንት ሰዓት አይደል እንዴ?» አለችኝ። ፈገግ ብልም ልፈርድባት አልቻልኩም፤ ደመወዝን ከደመወዝ የሚያነጻጽሩ አብዛኞቹ ሠንጠረዦች የተሠሩት ልክ እርሷ ባሰበችው መንገድ፣ ሁሉም ሰው እኩል ሰዓት እንደሚሠራ ተቆጥሮ ነውና። ነገሩን ለማጣራት ስል ሦስት ሳምንት ያህል ምሽቶቼን ኦኔት በተባለው የሙያዎች መረጃ ቋት ላይ አሳለፍኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ግምገማ አገልግሎቱን ከአንድ ጥያቄ አንጻር ብቻ የሚመዝን ነው፤ ይኸውም ክፍያን ከሥራ ሰዓትና ከኑሮ ምቾት ጋር አስተያይቶ ሙያ መምረጥ ለሚፈልግ ሰው ምን ያህል ይረዳዋል የሚለው ነው።

ኦኔት በአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ወጪ የሚንቀሳቀስና በኖርዝ ካሮላይና የሚገኝ ማዕከል የሚያዘጋጀው የሕዝብ አገልግሎት ሲሆን፣ ለመጠቀም ገንዘብም ሆነ ምዝገባ አይጠይቅም። ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የተካው በ1939 መታተም የጀመረውንና እያደር ከ12,000 በላይ የሥራ ዓይነቶችን እስከ መዘርዘር የደረሰውን የሙያ መጠሪያዎች መዝገብ ነው። አሁን የሚሠራበት የ2019ኙ አመዳደብ 1,016 መጠሪያዎች ሲኖሩት፣ ዝርዝር መረጃ የሚሰበሰበው ለ923ቱ ነው። የቁጥሩ መቀነስ ጉድለት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አሮጌው መዝገብ ሰውየው ምን እንደሚሠራ ሲነግረን፣ አዲሱ ሥራው በሰውየው ላይ ምን እንደሚያደርግበትም ለመናገር ይሞክራል። ለእኔ ጥያቄ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ነው።

የአገልግሎቱ ትልቁ ሀብት «የሥራ ሁኔታ» በሚለው ክፍል ውስጥ ይገኛል። በዚህ ክፍል ለእያንዳንዱ ሙያ ከ50 በላይ ነጥቦች ተመዝግበዋል፤ ሠራተኛው ቀኑን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ፣ ቢሳሳት የስሕተቱ መዘዝ ምን ያህል የከፋ ነው፣ በራሱ ለመወሰን ምን ያህል ነጻነት አለው፣ ከተቆጡ ሰዎች ጋር ምን ያህል ጊዜ ይገናኛል፣ የጊዜ ገደብ ምን ያህል ያዋክበዋል፣ ለበሽታ ይጋለጣል ወይ የሚሉት ጥቂቶቹ ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው የተገኙት ከራሳቸው ከሠራተኞቹ ነው፤ በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቶች በናሙና ይመረጡና ከዚያም በውስጣቸው ያሉ ሠራተኞች መጠይቅ እንዲሞሉ ይደረጋል። ሠራተኞቹን በዚህ መንገድ ማግኘት በሚያስቸግርባቸው ሙያዎች ደግሞ መስኩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ይጠየቃሉ።

ይበልጥ የወደድኩት የመልሶቹን አቀራረብ ነው። ገጹ «ይህ ሥራ አስጨናቂ ነው» ብሎ አንድ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ከመላሾቹ ስንት በመቶው ይህን፣ ስንት በመቶው ደግሞ ያንን እንደመለሱ ለይቶ ያሳያል። የአንድ ሙያ ስም የሚሸፍናቸው ኑሮዎች ብዙ ናቸው፤ በቀን ክሊኒክ የምትሠራና በሌሊት ፈረቃ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የምታድር ሁለት ነርሶች በአማካይ ሲታዩ የሚወጣው ሦስተኛ ሰው ማንንም አይመስልም። የመቶኛው ዝርዝር ግን ቢያንስ መላሾቹ ለሁለት የተከፈሉበትን ቦታ ያሳየናል፤ ለሁለት በተከፈሉበት ቦታ ደግሞ ቀጣሪውን መምረጥ ሙያውን ከመምረጥ እኩል ሊከብድ እንደሚችል እንረዳለን።

ፍለጋውን ገልብጦ መጠቀምም ይቻላል። ሙያ መርጦ ሁኔታውን ከመመልከት ይልቅ አንድ ሁኔታ መርጦ ሙያዎቹን በቅደም ተከተል ማስደርደር የሚያስችል መንገድ አለ፤ እኔም አንድ ሙሉ ምሽት ያጠፋሁት በዚህ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አዳም ስሚዝ በ1776 እንደጻፉት የሥራ ክፍያ ከሥራው ክብደትና ቅለት፣ ንጽሕናና ቆሻሻነት ጋር አብሮ መለዋወጥ አለበት፤ የማይወደድ ሥራ ሠሪ ለማግኘት የተሻለ መክፈል ይገባዋልና። ሆኖም ለበሽታ በመጋለጥ መስፈርት ሙያዎችን ላስደረደረ ሰው ሐኪሙና የሕሙማን ረዳቷ ተጎራብተው ይታዩታል፤ ክፍያቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ካሳ የሚባለው ነገር የመምረጥ አቅም ላለው እንጂ ለሁሉም እንደማይደርስ ይህን ሁለት ዓምድ ጎን ለጎን ካዩ በኋላ መጠራጠር ያስቸግራል።

ስለ ሰዓት ስንመጣ ግን ምስጋናዬ ይቀዘቅዛል። «የተለመደ የሥራ ሳምንት ርዝመት» የሚለው ነጥብ ሦስት መልሶች ብቻ አሉት፤ ከ40 ሰዓት በታች፣ 40 ሰዓት እና ከ40 ሰዓት በላይ። በሦስተኛው ሣጥን ውስጥ ዓርብ ዓርብ ሁለት ሰዓት የሚያመሽ የሒሳብ ሠራተኛና በሆስፒታል ውስጥ የስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም አብረው ተቀምጠዋል። በአሜሪካ የእነዚህ ሠልጣኝ ሐኪሞች ሳምንት በአራት ሳምንት አማካይ ሲሰላ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ በመላው አገር የተወሰነው በ2003 ነው፤ እንግዲህ ገደብ ተብሎ የተቀመጠው ራሱ ከተለመደው ሳምንት እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 በጋራ ይፋ ያደረጉት ግምት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋን በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር መጥበብ ሕመም የመሞት አደጋን በ17 በመቶ እንደሚጨምር፣ በ2016 ብቻም 745,000 ያህል ሰዎች በዚህ ሰበብ እንደሞቱ ያሳያል። ለጤና ወሳኙ መስመር 55 ከሆነ፣ 40 ላይ የሚቆም መለኪያ ማስጠንቀቅ ባለበት ቦታ ላይ ዝም ይላል።

ይህ ጉድለት በደመወዙ ዓምድ ላይ ሲደረብ ነገሩ ይባባሳል። ኦኔት የክፍያውን አኃዝ በራሱ አይሰበስብም፤ ከአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ይወስዳል። ቢሮው ለአብዛኞቹ ሙያዎች የዓመትም የሰዓትም ደመወዝ ያወጣል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር 2,080 ሲሆን ይህም 40 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ የተገኘ ነው። ስለዚህ በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ባለሙያ በገጹ ላይ የሚታየው የሰዓት ክፍያ ሰው ሰዓት ይዞ የለካው አይደለም፤ የዓመት ደመወዙ ለሁሉም በአንድ ቁጥር ተካፍሎ የወጣ ነው። የእኅቴ ልጅ አካፋይ በአገር አቀፍ ስታቲስቲክስ ውስጥም ተቀምጧል ማለት ነው።

በእርሷ ሁለት ሙያዎች ላይ ልሞክረው። በግንቦት 2023 አኃዝ መሠረት የጠበቆች መሃለኛ የዓመት ደመወዝ፣ ማለትም ግማሾቹ ከዚያ በላይ ግማሾቹ ከዚያ በታች የሚያገኙበት፣ 145,760 ዶላር ሲሆን የፋርማሲስቶች 136,030 ዶላር ነበር። ሁለቱም ለ2,080 ሲካፈሉ ጠበቃው በሰዓት 70.08፣ ፋርማሲስቱ 65.40 ዶላር ያገኛሉ፤ ሠንጠረዡም እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን የፋርማሲስቱን ሳምንት 40 ላይ ትቼ የጠበቃውን ሳምንት ቀስ በቀስ ማርዘም ጀመርኩ። ልዩነቱ ለመጥፋት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም፤ ጠበቃው በሳምንት 43 ሰዓት ገደማ ሲደርስ ሁለቱ ይስተካከላሉ። 50 ሰዓት ሲሠራ የሰዓት ክፍያው ወደ 56 ዶላር፣ 55 ሲሠራ ወደ 51 ይወርዳል። በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ ማምሸት ብቻ የሁለቱን ሙያዎች ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል ማለት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ማንም በማስታወሻ የማይይዘው፣ በር ላይ ቆሞ በሚደረግ ወሬ የሚያልቅ ጊዜ ነው።

በዚህ ዓምድ ውስጥ ምን እንደሚካተትና ምን እንደሚቀር ማወቅም ያስፈልጋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያና ለሌሊት ወይም ለበዓል ፈረቃ የሚጨመረው ገንዘብ አይቆጠሩም፤ ኮሚሽንና ከደንበኛ የሚሰጥ ጉርሻ ግን ይቆጠራሉ። ይህ አሠራር ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ያዳላል፤ ነርሷና ጥበቃው ሌሊታቸውን የሸጡበት ገንዘብ ሲጠፋ፣ የሻጩ ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ ይታያል። የግል ሥራቸውን የሚሠሩ ሰዎችና በሽርክና የሚሠሩ የቢሮ ባለቤቶችም በጥናቱ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ በጥብቅና ሙያ ከላይ የተቀመጡት የቢሮ ሸሪኮች ከብቻቸው ከሚሠሩትና ገቢያቸው ከሚዋዥቅ ጠበቆች ጋር አብረው ከሥዕሉ ወጥተዋል። ከላይ ደግሞ ጣሪያ አለ፤ በዓመት ከ239,200 ዶላር በላይ የሚሆነው ትክክለኛ አኃዙ አይገለጽም፣ «ይህና ከዚያ በላይ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ጣሪያ ራሱ በሰዓት 115 ዶላር በ2,080 ተባዝቶ የተገኘ መሆኑን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሆኖም ቢሮው 2,080 የማይሠራበትን ቦታ ያውቃል። ለመምህራንና ለአብራሪዎች የሰዓት ክፍያ አያወጣም፤ የዓመቱን ብቻ ይሰጣል። ለተዋንያንና ለሙዚቀኞች ደግሞ በተቃራኒው የሰዓቱን ብቻ ያወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይኖራቸዋል ብሎ መገመት ስለማይቻል። ይህን ጥንቃቄ አደንቃለሁ። በአሜሪካ የአየር መንገድ አብራሪ በ365 ቀናት ውስጥ ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይበር ደንቡ ይከለክላል፤ ይህን ሰምቶ ደመወዙን ለ1,000 የሚያካፍል ሰው ግን ይሳሳታል፣ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት የሚዘጋጅበት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቅበትና ከቤቱ ርቆ በሆቴል የሚያድርበት ጊዜ በበረራ ሰዓት ውስጥ አይገባምና። መምህሩም እንዲሁ ነው፤ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2018 ባካሄደው የመምህራን ጥናት ክፍል ውስጥ ማስተማር ከመምህሩ የሥራ ሳምንት ግማሽ ያህሉን ብቻ እንደሚይዝ ታይቷል። የቀረው ዝግጅት፣ እርማትና ስብሰባ ነው። መምህር ግማሽ ቀን ይሠራል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ተማሪ የነበርን ሁሉ ያየነው ያንን ግማሽ ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ማንም ሰው በካልኩሌተር ሊያርመው የሚችለውን ነው። በካልኩሌተር የማይታረመው ሰዓትን ማሳጠር ቢፈለግ ክፍያው እንዴት ይቀንሳል የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ኦኔት ስለዚህ አንዳችም አይናገርም። በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው። በሕግና በፋይናንስ ዘርፍ ሰዓቱን እጥፍ የሚሠራ ሰው ከእጥፍ በላይ ይከፈለዋል፤ ሰዓቱን በግማሽ የሚቀንሰው ደግሞ ከግማሽ በላይ ያጣል። ደንበኛው የሚፈልገው አንድን የተወሰነ ሰው፣ በፈለገው ሰዓት ስለሆነ ነው። ጎልዲን ከሎውረንስ ካትዝ ጋር በ2016 ባሳተሙት ጥናት ፋርማሲ የዚህ ተቃራኒ ሆኖ ተገኝቷል። ትናንሽ የግል ፋርማሲዎች ለትልልቅ ድርጅቶች ቦታ ሲለቁ፣ መድኃኒቶቹ ወጥ ሲሆኑና የታካሚው መዝገብ በኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ አንዱ ፋርማሲስት ሌላውን ያለ ችግር የሚተካው ሆነ፤ በዚህም ግማሽ ቀን የሚሠራው ባለሙያ በሰዓት የሚያገኘው ክፍያ ሙሉ ቀን ከሚሠራው ብዙም የማያንስበት ሙያ ተፈጠረ። ለእኅቴ ልጅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅማት መረጃ ይህ ነበር፤ በ1,016ቱ ገጾች ውስጥ ግን የለም። ከዚህ የሚቀራረበው «የመወሰን ነጻነት» የሚለው ነጥብ ቢሆንም፣ እርሱ የሚጠይቀው ሠራተኛው በሥራው ውስጥ ስላለው ውሳኔ እንጂ ከሥራው መቼ መውጣት እንደሚችል አይደለም።

ይህን ስል ፋርማሲን እየሸጥኩ አይደለም። ሰዓቱ በልክ መሆኑ ሰዓቱ ውስጥ የታጨቀውን አይነግረንም። በ2023 መጸው በአሜሪካ በትልልቅ የፋርማሲ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ ፋርማሲስቶች ሥራ አቁመው የወጡት ስለ ሰዓት ርዝመት ወይም ስለ ደመወዝ ማነስ ሲሉ አልነበረም፤ ዋናው ቅሬታቸው የሰው እጥረት ነበር። መድኃኒት ማዘጋጀቱ፣ ክትባት መስጠቱ፣ ስልክ ማንሳቱና ደንበኛ ማስተናገዱ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ደግሞ ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ስሕተት ሲያንዣብብ፣ ስምንቱ ሰዓት ቁጭ ብለው ምሳ የማይበሉበት ሰዓት ይሆናል። ለዚህኛው ኦኔት መለኪያ አለው፤ የመቆም፣ የጊዜ ጫናና የስሕተት መዘዝ ነጥቦችን አንድ ላይ ያነበበ ሰው ጥላውን ያያል። ችግሩ የመረጃው ዕድሜ ነው። መረጃው የሚታደሰው በየሙያው በተራ በመሆኑ አንዳንዱ ሙያ የዘንድሮ፣ ሌላው ደግሞ የበርካታ ዓመታት ዕድሜ ያለው አኃዝ ይዞ ይቀመጣል። የወረዱት ፋይሎች ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ሁለት ሙያዎችን ከማነጻጸር በፊት ይህን ቀን ማየት ግድ ነው።

ስለ ጉዞ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቻቸው በ2004 ባሳተሙት ጥናት በቴክሳስ የሚኖሩ 909 ሴት ሠራተኞች የአንድ ቀን ውሏቸውን በየክፍሉ ከነስሜቱ ሲገልጹ፣ የጠዋት የሥራ ጉዞ ከዝርዝሩ ግርጌ ከሚገኙት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ሥራውን ከቤቱ ሊሠራ የሚችል ባለሙያና ከባንኮኒ ኋላ ካልቆመ የማይከፈለው ባለሙያ በዚህ ይለያያሉ። የጉዞ ጊዜ በማንኛውም የደመወዝ ሠንጠረዥ ውስጥ የማይገባ የሥራ ሰዓት ስለሆነ በአካፋዩ ላይ እራስዎ ይጨምሩት።

የቀሩትን ክፍሎች በአጭሩ አልፋለሁ። በ60 ጥያቄዎች ዝንባሌን የሚለካው መጠይቅ በሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን ሆላንድ ስድስት ዓይነት ዝንባሌዎች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለአፍላ ወጣት መነጋገሪያ ይከፍታል፣ ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም። ስድስቱ የሥራ እሴቶች፣ ማለትም ውጤት፣ ነጻነት፣ ዕውቅና፣ ግንኙነት፣ የአለቃ ድጋፍና የሥራ አካባቢ፣ በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በየሙያው የተሰጣቸው ነጥብ ከ«የሥራ ሁኔታ» መልሶች አንጻር ሥጋ የለሽ ሆነው አገኘኋቸው። አምስቱ የዝግጅት እርከኖች ደግሞ ወደ ሙያው ለመግባት የሚጠይቀውን ትምህርት ያመለክታሉ፤ ሕግም ፋርማሲም አምስተኛው ላይ ናቸው። ያለ ደመወዝ የሚያልፉት የትምህርት ዓመታት ግን በክፍያው ላይ አይሰሉም።

ከአሜሪካ ውጭ ያለ አንባቢ የደመወዙን ዓምድ እንዳለ ቢተወው ይሻለዋል፤ ገበያው፣ ግብሩና የሕክምና መድኑ የዚያ አገር ነው። የሥራ ሁኔታው መረጃ ግን ከሞላ ጎደል ድንበር ይሻገራል፤ ፋርማሲስት የትም ቢሆን ይቆማል፣ ጠበቃም የትም ቢሆን ቀነ ቀጠሮ ያሳድደዋል። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን የተወሰነው ክፍል በስፓኒሽ ቀርቧል። መረጃው በሙሉ ምንጩን ጠቅሶ ለማንኛውም ዓላማ እንዲጠቀሙበት የተፈቀደ ስለሆነ ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ ማቅረብ ለሚፈልግ የሚከለክለው የለም።

የሥራ ሁኔታውን ክፍል ከአምስት አራት ተኩል፣ የሰዓቱንና የደመወዙን ክፍል ደግሞ ሁለት እሰጣለሁ። የእኅቴ ልጅ ከገጾቹ የምትፈልገውን ወስዳ የራሷን ሠንጠረዥ ሠርታለች፤ 2,080ን ሰርዛ ቦታውን ባዶ ትታዋለች። እስካሁን አልወሰነችም። በሚመጣው ሳምንት ከአንድ ፋርማሲስት ጋር ቀጠሮ አላት፤ በወረቀቷ ላይ በመጀመሪያ የጻፈችው ጥያቄ ለመጨረሻ ጊዜ ቁጭ ብሎ ምሳ የበላው መቼ እንደሆነ ነው።